ዕረፍት ላይ ይገኛሉ

«ሲስተርን እንደ ዶሮ በማይክ ‹ሞታለች› ያልሽ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ።

ቡሬ፣ የምሠራበት ወፍጮ ቤት፣ ሚዛኑ አጠገብ ነበርኩ። ሴትዮዋ ቀድሞ የምሠራበት ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። በርበሬ ልታስፈጭ መጥታ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ነኝ አልኳት። ኬሻዋን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገች። በርበሬው መፈጨት ሲጀምር ቤቱ በሙሉ ያስነጥስ ጀመር፤ እኔን ግን ከበርበሬው ሥር የበረኪና ሽታ መጣብኝ። በረኪናና በርበሬ አብረው የሚሸቱበት ቦታ በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ለሷ ያልኳት ነኝ ብቻ ነው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሆስፒታሉ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር። የሚታከሙበት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ እግር የሌላቸው፣ ዓይን የሌላቸው፣ ጎናቸው ውስጥ ብረት ይዘው ያረጁ። በኅዳር የአካባቢው ገበሬ በርበሬውን ሲያሰጣ ነፋሱ ሽታውን በመስኮት ያስገባዋል፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ሙሉ ሽማግሌ በአንድነት ይስላል። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ካርድ ክፍል በኮንትራት ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ፤ ካርዱን ለማድረስ እያልኩ ቀኑን ሙሉ በየኮሪደሩ እዞር ነበር።

አስተዳዳሪው ከግቢው ዳር እስከ ዳር ሰው ስጠራ ሰማኝና ማይኩን ለኔ ሰጠኝ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሠራተኞች ዜና አነባለሁ፤ ሞንታርቦው በየክፍሉ በር ላይ ተሰቅሏል። ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ተዛወረ፣ የየትኛው ክፍል ቁልፍ ጠፋ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ዳቦ ይዞ ሊጠይቅ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ሌላ ወሬ ስላልነበራቸው አንዱም አያመልጣቸውም። የጥበቃው ሚስት መንታ ተገላገለች ብዬ ያነበብኩ ዕለት አንዱ «አንደኛውን ለዘብ ይላኩልን፣ እኛ ደክመናል» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። ሬዲዮ ነበር የምባለው። ይህን ስም ያወጡልኝ አሥር አለቃው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ፈንጂ የወሰደባቸው፣ ረጅም፣ አልጋው የማይበቃቸው ሰው ነበሩ። ወታደር ከመሆናቸው በፊት ቅኔ ቤት ገብተው ነበርና ቃል ሲሰሙ ገልብጠው ካላዩት አይለቁም። ዜናውን ስጨርስ ያስጠሩኝና ያርሙኛል። አንድ ቀን «ሬዲዮ፣ ዛሬ ‹ሠርግ› ስትይ ድምፅሽ ጎተተ። ልታገቢ ነው ወይስ ሳይጠሩሽ ቀሩ?» አሉኝ። ሳይጠሩኝ ቀርተው ነበር።

ያን ዓመት የስኳር በሽታቸው ግራ እግራቸው ላይ ወጣ። ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከሄደም ይገድላል አላቸው። እንቢ አሉ። ዓይኔን ሰጥቻለሁ፣ እግሬን ደግሞ ለማን ነው የምሰጠው አሉ። ሐኪሙ ለመነ፣ አስተዳዳሪው ተቆጣ፣ ቄስ መጡ፤ ወይ ፍንክች።

ያሳመኗቸው ሲስተር ናቸው። ሲስተር ዋና ነርሷ ነበሩ፤ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ቁስል ሲያጥቡ የማይቸኩሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአሥር አለቃውን እጅ ይዘው ዝም ብለው ቆዩ። ካርድ ይዤ ሦስቴ አልፌያለሁ፤ ሦስቴም እንደዚያው ነበሩ። ሲነሡ ነገሩ አልቆ ነበር። አሥር አለቃው ይፈርማሉ፤ ግን ማደንዘዣው እስኪይዛቸው ድረስ እጃቸውን የሚይዙት ሲስተር ከሆኑ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ውሉ ፈረሰ። ቀኑ ለሰኞ ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ለእናታቸው ተዝካር ወደ ደምበጫ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሐኪም ቤት አልደረሱም።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ነርሶቹ በር ላይ ካለው ቧንቧ ተሰልፈው ፊታቸውን ይታጠባሉ። አስተዳዳሪው ጥቁር እንዳይለበስ፣ ግቢ ውስጥ እንዳይለቀስ ከልክሏል። በሳምንቱ እሑድ የእንግዶች ቀን ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ተማሪዎች ይዘምራሉ፣ አዲስ ሕንፃ ቃል ይገባልናል ተብሎ ድንኳን ታዝዟል። ግቢው ለቅሶ ቤት ሆኖ እንዲጠብቃቸው አልፈለገም። የዕለቱን ወረቀት ሰጠኝ። ከመንታዎቹ ክርስትናና ከሾፌሩ ሠርግ መሃል እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ሲስተር ከትናንት ጀምሮ ዕረፍት ላይ ይገኛሉ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ምን ታፈጫለሽ? ውሸት የለበትም» አለ። «ዐርፈዋል አይደል?»

እኛ አገር ሁለት ፊት ያለው ቃል ያገኘ ሰው ሳይጠቀምበት አያልፍም። እሱም በቃሉ ደስ ብሎት ነበር፤ ከንፈሩ ዳር ላይ አይቼዋለሁ። የባሰውን ልንገራችሁ፣ እኔም ቃሉን ወድጄው ነበር። ሳልዋሽ የምወጣበት መንገድ መሰለኝ። አነበብኩት። ድምፄ ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት በሆስፒታሉ መኪና ደምበጫ ሄደን ቀበርናቸው፤ ስንመለስ እንደገና ቧንቧው ጋ ተሰለፍን።

ሰኞ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ አሥር አለቃው አልፈርምም አሉ። ሲስተር ከዕረፍቷ ትመለስ፣ ያኔ እፈርማለሁ። እኔን አስጠርተው ዕረፍቷ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተጻፈም አልኳቸው። «ሳትነግረኝ መሄዷ» አሉ፤ «እሷ እንኳ እንዲህ አልነበረችም።» ሐኪሙ ወደ አስተዳዳሪው ሄዶ እውነቱ ይነገራቸው አለ። አስተዳዳሪው እሑድ ይለፍ አለ። ሐኪሙ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ እግር ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም ደፋሁ። ከእንግዶች ቀን በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ ተብዬ ነበር።

ማክሰኞ ጥቁረቱ ጣቶቹን አልፎ ወደ እግራቸው ጀርባ ወጣ።

ረቡዕ ሐኪሙ ዘዴ ይዞ መጣ። ሌላ ነርስ፣ ትንፍሽ እንዳትል አስጠንቅቆ፣ አልጋው አጠገብ አስቀመጠና «ይኸው፣ ሲስተር መጥተዋል» አላቸው። አሥር አለቃው እጇን ተቀበሉ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ሲስተር በዕረፍቷ ባል አገባች እንዴ?» አሉ።

ልጅቷ ቀለበት ነበራት። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እግሬን ልትሰርቁኝ ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ ወደሳቸው ገባሁ። ሽታው ከበረኪናው በልጦ ነበር፤ የጎን አልጋው ሽማግሌ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኝቷል። ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሚኒባሱን፣ ደምበጫን፣ ቀብሩ ላይ መቆሜን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሰሙን በማይክ፣ ወርቁን በጆሮ?» አሉ በመጨረሻ።

«እውነቴን ነው ጋሼ።»

«ጠዋት ቀለበት ያላትን ላኩ፤ አሁን አንቺን ላኩ። ሬዲዮ፣ ድምፅሽን አምነዋለሁ። ሹክሹክታሽን ግን አላውቀውም። እውነት ከሆነ በማይክ ያልሽውን በማይክ መልሺው።»

በማግሥቱ ልመልሰው እችል ነበር። ማይኩ ያለበት ክፍል ቁልፍ በኔ እጅ ነው። አልመለስኩትም። ሐሙስን ሙሉ ካርድ ሳወጣ፣ ካርድ ስመልስ ዋልኩ፤ ያን ቀን ብቻ ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰው ሲያነሣብኝ የሚያነሣው የዓርቡን ነው፤ ሐሙስን የሚያውቅ የለም።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ማይኩን ከፈትኩ። በመስኮቱ አስተዳዳሪው ይታየኛል፤ ለእሑድ የመንገዱን ዳር ድንጋዮች ኖራ እያስቀባ ነበር። የድንኳኑን አነበብኩ፣ የተማሪዎቹን መዝሙር አነበብኩ፣ ንጹሕ ፒጃማ እንደሚታደል አነበብኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

«ባለፈው ዓርብ ሲስተር ዕረፍት ላይ ይገኛሉ ብዬ ነበር» አልኩ።

አፌ ላይ የመጣው ‹ዐርፈዋል› ነበር። ለሰው የሚባለው እሱ ነው፤ እናቴም ብትሆን የምላት እሱን ነው። ግን ያን ቃል ራሴ አበላሽቼዋለሁ። አሁን ዐርፈዋል ብል፣ አሥር አለቃው ይኸው ዕረፍት ላይ ናት ብለው እግራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሁለት ፊት የሌለው ቃል አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ሲስተር ሞታለች። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከሄደች ወዲህ የለችም፤ ሞታለች። ደምበጫ ተቀብራለች። አትመለስም።»

ሞንታርቦው ለትንሽ ጊዜ ባዶውን እዝ አለ። የመጀመሪያው ጩኸት የመጣው ከልብስ ማጠቢያው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያፈኑት ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ። ጋሪ ላይ ያሉት እየገፉ ወጡ፣ መነሣት የማይችሉት አልጋቸው ላይ ሆነው ደረታቸውን መቱ። አስተዳዳሪው ኖራ በረገጠ ጫማው ሮጦ ገባና ማይኩን መዝጋት ትቶ ሽቦውን ከነመሰኪያው ነቀለው።

«ለሰው እንዲህ ይባላል?» አለኝ። «ሞታለች ይባላል?»

በአጠገቡ አልፌ ወደ አሥር አለቃው ሄድኩ። ተቀምጠው ነበር። አላለቀሱም። ቀኝ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ቀለሙን እየጠበቁ ነበር። ሐኪሙ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አስፈረማቸው። ማን ነው የሚይዘኝ አሉ። እኔ አልኩ። እጄን ተቀብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ይሁን አሉ። አረንጓዴ ጋውን አልብሰውኝ ማደንዘዣው እስኪይዛቸው ቆየሁ። ሲይዛቸው ጣቶቻቸው ተራ በተራ ሲላሉ ተሰማኝ፤ ትንሿ ጣት ናት መጨረሻ የለቀቀችኝ።

ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን ሳያወልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰኞ ቢሆን ጣቶቹ ብቻ ነበሩ አለኝ። የቆረጠው ከጉልበት በላይ ነው፤ መርዙ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ነበር። አሥር አለቃው የሞቱት ማክሰኞ ነው። በስልክ ነው የሰማሁት፤ እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር፣ ማን ነው የደወለው ስትለኝ የተሳሳተ ቁጥር ነው አልኳት።

ከዚያ በፊት፣ ቅዳሜ፣ ውሌ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። እሑድ ጠዋት የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ላስረክብ ሄድኩ። እንግዶቹ ድንኳኑ ሥር ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ይዘምራሉ፣ አዲስ የተቀባው ኖራ ዓይን ይወጋል። ጥበቃው ቁልፉን ተቀበለኝና እስከ በሩ እንድሸኝሽ ታዝዣለሁ አለኝ። አንዴ ልግባ አልኩት። ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረልኝ።

አሥር አለቃው ትኩሳት ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እርምጃዬን ሰምተው አልጋውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ተቀመጥኩ።

«ቀብሯ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ንገሪኝ። ዜና አታርጊው። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። አፈሩ ቀይ እንደነበረ፣ ትንሽ ካፊያ እንደጣለ፣ ከሆስፒታሉ ቀድሞ የወጣ አንድ አካለ ስንኩል ሰውዬ ሃያ ዓመት ቁስሌን ያጠበች እያለ ክራንቹን መሬት ላይ እንደጣለ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ እንዳላለቀስኩ። ለምን አላለቀስሽም አሉኝ። ጠዋት በማይክ ያልኩት ጆሮዬ ውስጥ ነበር አልኩ። ከዚያ እጃቸውን አነሡና ትከሻዬን፣ ከትከሻዬ ወደ አንገቴ ዳሰሱ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር የለበስኩት፤ ጥለቱን አንገቴ ሥር አገኙት። በጣታቸው ሄደውበት ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱበት።

«እህ» አሉ፤ «ለብሰሽላታል።»

ጥለቱን ጨብጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጥበቃው በሩ ላይ ሆኖ ሁለቴ ሳለ። ጨርቁን ቀስ አድርጌ ስስበው ጣቶቻቸው ጠበቁ። ነጠላውን ከትከሻዬ አወረድኩና ደረታቸው ላይ ሰብስቤ አስቀመጥኩላቸው። በኮሪደሩ፣ በቧንቧው በኩል አድርጌ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ ወደ ቡሬ የሚሄድ ባጃጅ ቆመልኝ፣ ገባሁ።