ባጃጅ መሳፈር በመነጽር

«ልጄ አፏን ስትፈታ ያንቺን ምላስ ይዛ ትፍታ?» አለችኝ ክፍል ውስጥ የማግዛት ልጅ እናት፣ ቡታጅራ ገበያ ሱቋ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ትናንት አማቶቼ ሶፋው ላይ ሲጠጋጉ ‹እኛ ጆንያ ነን እንዴ?› አለቻቸው!»

ቃሉ የኔ ነው።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሻይ እስኪበርድ እንኳ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽር አለ። ያጠለቀው ልጅ በዞረበት ሁሉ የተቀረጸውን ቦታ ያያል፣ ድምፁንም ይሰማል። መምህሩ «የባጃጅ ጉዞ ቅረጺና ልጆቹ ይለማመዱበት» ሲለኝ ካሜራውን ይዤ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ከኋላ አራተኛ ሰው ሊጭን ሲል፣ እየቀረጽኩ መሆኔን ረስቼ የስድብ መዓት አወረድኩበት።

መምህሩ ድምፁን ቢያጠፋው ልጅቷ መነጽሩን አውልቃ አስቀመጠችው። ኦቲዝም አለባት፤ አንዴ የለመደችው ነገር ሲነካባት አትወድም። ስለዚህ ስድቤን መለስንላት። ሌሎቹ ልጆች ባጃጅ መሳፈር ተማሩ፤ እሷ እኔን ተማረች።

እናቷ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ዘግታ ትምህርት ቤት ማድረሱ ሰልችቷታል። «ዛሬ አብሬያችሁ ሄጄ አያታለሁ» አለችኝ። «ብቻዋን መሳፈር ከቻለች ትማራለች። ካልቻለች ቤቷ ትቀመጣለች።»

ሦስታችን ከኋላ ተቀመጥን። ልጅቷ የምትሄድበትን ለሾፌሩ ራሷ ነገረችው። እኔ ባጃጁን የሠራሁት ይመስል ተኮፈስኩ። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ ቆመ። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው አንገታቸውን አስገቡ። እናቷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ በልቤ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬን ብቻ እኔን አትሁኚ» እላለሁ።

ልጅቷ ሽማግሌውን አየች። ምርኩዛቸውን አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አባባ ይቀመጡ። አንቺ ውረጂ።»

ይሄ መነጽሩ ውስጥ የለም።

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ።»

እናቷ ሻርፗን ገለጥ አደረገችና ሾፌሩን «ከሰኞ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትመጣው፤ ፊቷን ልብ በልልኝ» አለችው። ከዚያ ለኔ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሰውዬው ቆመዋል እኮ!»

ወረድኩና በእግሬ መንገዴን ቀጠልኩ።