«ሰው አክባሪ» ያልነበረው አጎቴ

ያሳደገኝ አጎቴ መርሳ ላይ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። በሞተ ማግስት የዕድሩ ሰብሳቢ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ድንኳኑ ጥግ አስቀመጡኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እዚያ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ግጥም ትሞካክር የለ? አታስረዝመው ብቻ» አሉኝ።

«ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ…» እጄ በራሱ ጻፈው። ይህንን ያልተባለ ሟች አላውቅም። ነጋዴውም፣ ሾፌሩም፣ አራጣ አበዳሪውም በዚሁ ቃል ተሸኝተዋል። አጎቴ ደግሞ ሰው አክባሪ አልነበረም፤ ተሳዳቢ ነበር። ቀደድኩት። እንደገና ስጀምር ያው መጣ። ደሜ ፈላ። ማንም አላስገደደኝም እኮ! ገጣሚ ነኝ ባዩ እኔ፣ አባት የሆነኝን ሰው በተውሶ ቃል ልቀብረው ነው።

ተነሥቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ከተዘጋው በር ፊት ተቀምጠዋል።

«ምን እያለ ነበር የሚሰድባችሁ?»

ደነገጡ። ሬሳው ገና አልወጣም። አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔንማ ‹አንተን ከማስተማር ለፍየል መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቀላል› ይለኝ ነበር» አለ።

ሌላው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እኔ የሠራሁትን ፍሬን ሁሌ ራሱ መኪናው ሥር ገብቶ ያየዋል። ‹ያንተን እጅ አምኜ የሰው ልጅ ቁልቁለት አልሰድም› ይላል።»

እዚያው ቆሜ ጻፍኩት። ይኼ አጎቴ ነው።

ሰብሳቢው አንብበው ፊታቸው ጠቆረ። «ሙት ወቃሽ አታድርገን እንጂ ልጄ!»

«አልወቀስኩትም ጋሼ። አንቱ የሚፈልጉትን ሰው ግን እኔ አላውቀውም።»

«ወግ ነው!» ብለው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ወረቀቴን ሳያወጡ በቃላቸው ጀመሩ፤ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ የነበሩት…»

ጥርሴን ነከስኩ። ከመካኒኮቹ መካከል አንዱ፣ «ማንን ነው የምንቀብረው?» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ።

የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን ከአፏ አነሣች። «ልጁ የጻፈው ይነበብ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሰደብኩት እኔ ነኝ!»

ሰብሳቢው ዐይኔን ሳያዩ ወረቀቱን አቀበሉኝ። ንዴቴ አልበረደልኝም ነበርና፣ እንደሚጣላ ሰው እየጮህኩ አነበብኩት።