የኔታ ያልተቀመጡት ለቅሶ

በጣሊያኖቹ ምሽግ፣ በአንዲት የእስር ክፍል ሦስት ነበርን። አንደኛው ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ የግእዝ ግስ መምህር ናቸው፤ የኔታ እንላቸው ነበር። ልጃቸው በረሃ የገባ የአርበኞች አለቃ ነው። ሁለተኛው ጠመንጃ ደብቀሃል ተብሎ የተያዘ የሉማሜ ገበሬ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከአማኑኤል ጨው ተሸክሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመጣ «ለሽፍታ ስንቅ ነው» ብለው ያዙኝ።

ክፍሏ የጣሊያን የበቅሎ ጋጣ ነበረች። የማሰሪያው ቀለበት ከግድግዳው አልተነቀለም፤ ዝናብ ሲጥል የሽንቱ ሽታ ከመሬቱ ይነሣል። ስገባ ገበሬው ቀና ብሎ አየኝና «ግባ፣ በቅሎዋ ተፈታች፤ ተራው የእኛ ነው» አለኝ።

የኔታ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይወዱም። እኔ ፊደል የለየሁት በራሴ ስለሆነ ግስ ያስተምሩኝ ጀመር። አንዱ ግስ በአራት ይወርዳል፦ የሆነው፣ የሚሆነው፣ ይሆን ዘንድ የሚፈለገው (እሱን «ዘንድ» ይሉታል)፣ ይሁን ተብሎ የሚታዘዘው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አምታታ ነበር።

«የምታውቀውንና የምትመኘውን ለይ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ ቆመ። የአገራችን ልጅ ነው።

«የኔታ፣ እግዜር ያጥናዎ። ልጅዎ በውጊያ ወድቋል።»

የኔታ የግድግዳውን ቀለበት ያዙ።

«የጣሊያኑ ሹም ዛሬውኑ ይፈቱ ብለዋል። አገርዎ ገብተው ለቅሶ ይቀመጡ። ድንኳኑንም እኛ እንሰጣለን።»

«ድንኳን?» አለ ገበሬው። «ጣሊያን ለእኛ ሙት ድንኳን መትከል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አንተን ማን ጠየቀህ!»

ነገሩ ገባን። አባት ለቅሶ ከተቀመጠ አገር ያምናል፤ ልጁን ተከትለው የወጡት ሁሉ ይበተናሉ። ልጁ በሕይወት ካለ፣ አባቱ በቁሙ ቀበረው። ሞቶ ከሆነና አልቀመጥም ካሉ ደግሞ የኔታ የገዛ ልጃቸውን እንባ ከለከሉት።

«ሲወድቅ ያየው ማን ነው?» አሉ።

«ወታደሮቹ።»

«የት ተቀበረ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

«ማን ፈታው? የትኛው ቄስ?»

አስተርጓሚው አቀረቀረ።

«መርዶ በዘመድ አፍ ነው ልጄ፤ ያየ ሰው ይዞ፣ ማለዳ። ለሹሙ ንገርልኝ፤ መርዶ ሲመጣልኝ አለቅሳለሁ።»

«የኔታ፣ በሩ እኮ ተከፍቷል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ብሆን እወጣ ነበር።»

«አየሁት። ዝጋው፣ ብርድ ያስገባል።»

ዘጋው። የኔታ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ነበር። ገበሬው ሊያነሣላቸው ሲል ራሳቸው አነሡትና እንደ ሐዘንተኛ ሳይሆን እንደ ወትሮው አጣፉት።

«የት ላይ ነበርን?» አሉኝ።

«ሐይወ ላይ።»

«አውርደው።»

«ሐይወ፣ ዳነ። የሐዩ፣ ይድናል።» ላጽናናቸው ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩት። «የሐዩ፣ ይድናል!»

«እሱን አናውቅም።» አሉ የኔታ። «ወደ ዘንዱ እለፍ።»

«ይሕየው፣ ይድን ዘንድ።»

«አዎ። እሱን ድገመው።»

ደገምኩት። ፊደል የማያውቀው ገበሬም አብሮኝ አለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የኔታን ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ እስፓኝ ዘምቶ የነበረ ወታደር ጥሎት የሄደ የእስፓኝ ቋንቋ መማሪያ እጄ ገባ። በለቃቀምኳት ጣሊያንኛ እየታገዝኩ አነበዋለሁ። እነዚያም ሰዎች ለሚያውቁት ነገር አንድ፣ ለሚመኙትና ለሚጠራጠሩት ሌላ አነጋገር አላቸው። መጽሐፉ ይህን ክፍል ከባድ ነው ይላል። እኔ አልከበደኝም።

የጻፍኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። የሉማሜው ወዳጄ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ካገኘህ፣ የሳትኩትን አቅናልኝ። በዚያ ምሽግ ከታሰራችሁትም የኔታ የት እንደደረሱ፣ ልጃቸው ቤቱ መግባቱን ወይም መቃብሩን በዓይኑ ያየ ካለ ይንገረኝ። ያየ ሰው እስኪመጣ ድረስ እኔም ከዘንዱ አልወጣም።