ውሃ ሽቅብ የወጣበት ካርታ

መምህርት መንበረ ከጎንደር አራዳ ወደ ትክል ድንጋይ የተመደበችው በ1974 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ከአምስተኛ ክፍል አያልፍም። ስድስተኛን ለመማር ጎንደር ቤት መከራየት ነበረብን፤ ሴት ልጁን ለዚያ የሚልክ ወላጅ ደግሞ አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ቢያዝን ሰዉን አስተባብሮ አንድ ክፍል በጭቃ አሠራ። የቀረው ፈቃድ ነው፤ እሱም የሚገኘው ተቆጣጣሪ መጥቶ አምስተኛ ክፍልን ከፈተነ በኋላ ነው።

መንበረ ጂኦግራፊ ልታስተምረን ካርታ ሰቀለች። «ሰሜን ከላይ ነው» ስትል ክፍሉ አጉረመረመ። ለእኛ ሰሜን ቆላው፣ ታች አርማጭሆ ነው። ወንዞቻችን ወደዚያ ይወርዳሉ።

«ምነው እትዬ፣ ውሃ ሽቅብ ይወጣል?» አለች የአያ ቢያዝን ልጅ ትርንጎ።

«ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ሲያውሉት ይወጣላ!» አለ አንዱ ከኋላ የዘመኑን መፈክር ይዞ።

መንበረ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ካርታውን አውርዳ ይዛን ወጣች፤ ሣሩ ላይ አንጥፋ ሰሜኑን ወደ ቆላው አዞረችው። ወንዙ በካርታውም በአገሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጂኦግራፊን ተንበርክከን ተማርን፤ ካርታውን የሰቀለው የለም።

ተቆጣጣሪው ጓድ ወልደኢየሱስ በግንቦት መጣ። ትርንጎን አስነሥቶ «የእናንተ ወንዝ ወዴት ይፈስሳል? ካርታው ላይ አሳዪኝ» አላት። እሷም እንደለመደችው ካርታውን ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«ምንጣፍ ነው እንዴ? ስቀዪው!»

መንበረ ደነገጠች። ተሰቅሎ ማንበብን አላለማመደችንም።

ትርንጎ ሰቀለችው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ቆላው አየች። ተመልሳም ጣቷን ካርታው ላይ ከታች ወደ ላይ ነዳችው።

«ሽቅብ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ወደ ሰሜን ነዋ፣ ጋሼ። ግድግዳ የወጣው ወረቀቱ ነው፤ ውሃውማ ቁልቁል ነው የሚወርደው።»

ሰውየው ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ ቀደመው። ሌሎቻችንንም አንድ በአንድ ግድግዳው ፊት እያቆመ ጠየቀን፤ ማናችንም መምህርታችንን አላሳፈርናትም። ሲጨርስ ወደ መንበረ ዞሮ «በሉ፣ ያን ስድስተኛ ክፍላችሁን አሳዩኝ» አላት።

በመስከረም አያ ቢያዝን ልጁን በእጁ ይዞ መጣ፤ ጎረቤቶቹም ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ተከተሉት። መንበረ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረቷን ነፍታ፣ በስድስተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ ትቀበላቸው ነበር።