በእሳቱ ሰ የተጻፈ ስም

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን በአንድ መርፌ አቁማዋለች። ወሬ አታበዛም፤ የደንበኛን ልክ በዓይኗ ትወስዳለች፣ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች።

የእሷ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አቃታት። ዘጠና ልጅ በታጨቀበት ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ማን ያያታል? ዘንድሮ ግን አዲስ ደንብ ወጣ፤ ለተማሪው የተመደበው ገንዘብ ወላጅ ወደ መረጠው ትምህርት ቤት ይሄዳል ተባለ። ልጄ ሥራዋን ትታ ሦስት ትምህርት ቤት ዞረች። በየክፍሉ በር አጮልቃ አየች። በመጨረሻ ሃያ አምስት ልጅ ብቻ የያዙ፣ የእያንዳንዱን ደብተር የሚያዩ መምህርት አገኘች። ምዝገባው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ዓመቴ ስለሆነ፣ የሚጻፍ ነገር ሲገኝ ለሌላ አላስነካም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በምዝገባው መስኮት ተራችን ደረሰ። ጸሐፊው ፎርሙን ከልደት ወረቀቱ ጋር አስተያየና መለሰልን።

«የአባቷ ስም አይገጥምም። እዚህ በንጉሡ ሠ ነው፤ እናንተ በእሳቱ ሰ ጽፋችኋል።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰርዤ ላስተካክለው።»

«ስርዝ ድልዝ አንቀበልም፣ እማማ። ትርፍ ፎርም ደግሞ አልቋል።»

ልጄ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «ወንድሜ፣ እስቲ ሁለቱንም ጮክ ብለህ አንብባቸው።»

አነበበ።

«ልዩነት ሰማህ?»

ከኋላችን የቆመ ሹፌር «ድገመው እንጂ! እሳቱ ሳይሞቀን አለፈ!» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ጸሐፊው ግን ሰዓቱን አየ።

«ሳቁ እናንተ። ነገ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አንተ ለምን? ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ነው ብዬ ልፈርም፤ እኔ ልጠየቅ» አለች ልጄ።

ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ኃላፊው ገባ። ቆየ። ልጄ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ አየኋት። ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል ወጣ።

«ያልሽውን ከፎርሙ ጀርባ ጻፊ። ከዚያ ምርጫሽ ሥር ፈርሚ።»

ከጀርባው ጻፈች። የመረጠችው ትምህርት ቤት ስም ሥር ስትደርስ ግን፣ እስክሪብቶውን አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ እዚያም ባይሆንላትስ? እስከ ዛሬ ትምህርት ቤቱን እረግም ነበር። ከእንግዲህ ማንን ልርገም?»

«ፈርሚ፣ የኔ ልጅ» ብቻ አልኳት።

ፈረመች። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ ጓ ብሎ ሲያርፍ ሁለታችንም ደነገጥን።