የመኝታ ቤቱ አምፖል

የላቦራቶሪው ሰዎች «እማማ ዓሣ» ይሏታል። እሷም አትቀየምም። ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ሐይቁ ደፍርሶ ዓሦቹ ከማለቃቸው በፊት፣ ሰማያዊና ቀይ ዝርያዎቹን በገዛ መረቡ ከነሕይወታቸው አውጥቶ እዚህ ላቦራቶሪው ገንዳ ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው፤ እስኪሞትም ተንከባክቧቸዋል። ሲሞት በቦታው እሷ ተቀጠረች። ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀሯት እነዚሁ ዓሦች ናቸው።

ተመራማሪዋ አንድ ቀን ከጎኗ ቁጭ ብላ አስረድታታለች። ሁለቱ ዝርያዎች ትናንት አንድ ነበሩ፤ ትናንት ማለት በተፈጥሮ አቆጣጠር ነው። የዓይንና የቀለም ጥቂት ዘረመሎች ተለወጡና ሴቶቹ ወንድ ማማረጥ ጀመሩ። አንዷ ሰማያዊ ካልሆነ፣ ሌላዋ ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች፤ በዚያው ተለያይተው ቀሩ።

«በመካከላቸው ግድግዳ የለም፣ እትዬ። የሚለያያቸው የሴቶቹ ዓይን ብቻ ነው።»

«እኔም ያንን መልከ ጥፉ በዓይኔ ነው የመረጥኩት» ብላ ሳቀች እማማ ዓሣ።

ተመራማሪዋ ለትምህርት ለዓመታት ርቃ በቆየችበት ጊዜ የገንዳው ነጭ አምፖል ተቃጠለ። ግዢ ክፍል ዛሬ ነገ እያለ አንገላታት። አንጀቷ አልችል አለ። ባሏ ጋዜጣ ያነብበት የነበረውን ቢጫ አምፖል ከመኝታ ቤቷ ነቅላ አመጣችና «ከእንግዲህ በጨለማ አታድሩም» እያለች ገጠመችላቸው። አንዴ ከበራ በኋላ ማንም ነገሩን አላነሳውም።

ሴቶቹ ዓሦች እንደ ልማዳቸው እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው ሲዞሩ ደስ አላት። ጫጩቶቹ ግራጫ ነበሩ፤ ጫጩት ደግሞ ሁሌም ግራጫ ነው። ትልልቆቹ እያረጁ ሲሞቱ፣ ልጆቻቸው አሉ ብላ ተጽናናች።

ተመራማሪዋ ተመለሰች። አምፖሉን አየች፣ ያደጉትን ዓሦች አየች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ በቢጫ ብርሃን ሰማያዊና ቀይ አይለይም። ሴቶቹ ያገኙትን ወሰዱ። እነዚህ ሁሉ ድብልቅ ናቸው።»

«ለይተን ብናስቀምጣቸውስ?»

«ምኑን ከምኑ እንለያለን? ንጹሖቹ ሐይቁ ውስጥም የሉም።»

አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ያ ሁሉ ደጅ የተጠናለት ነጭ አምፖል በማግስቱ ተገኘ። ከድሮዎቹ የቀረው ባሏ በእጁ ያወጣው አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ወንድ ብቻ ነበር። መብራቱ ሲበራ ሰማያዊነቱ ቦግ አለ፤ ክንፎቹን ዘርግቶ እንደ ጎረምሳ ይደንስ ጀመር። ሰማያዊ መምረጥ የማያውቁት ግራጫዎቹ ድብልቅ ሴቶች በአጠገቡ አለፉ፤ አንዷም ዞር ብላ አላየችውም። እሱ ግን መደነሱን አልተወም።

እማማ ዓሣ ቢጫውን አምፖል በጋዋኗ ኪስ ውስጥ እንደጨበጠች አለቀሰች። ባሏን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው ያን ቀን ነው፤ በገዛ እጇ።