የአርብ ቀትር መልእክት

ሸዋ በር አጠገብ ባለ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ሠርቼ ደረቴን የነፋሁት እዚያ ነው፤ አንጀቴ ያረረውም በዚያው ነገር ነው።

ድሮ ትእዛዝ የምንልክበት ፕሮግራም የላኪውን ስም እንዲሁ ጽፎ ይሰድ ነበር። መሐል ላይ መልእክቱን ተቀብሎ ለሹፌሮቹ የሚያደርሰው ሰርቨርም የተጻፈለትን ስም ሁሉ ያምናል። ሰው በፈለገው ስም ቢልክስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝና አሠራሩን ቀየርኩት። አሁን ሠራተኛው በፓስወርዱ ሲገባ ቶክን የሚባል የተፈረመ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ማረጋገጫውን በተመሰጠረ መስመር ከመልእክቱ ጋር ይልካል፤ ሰርቨሩም ፊርማውን ሳያጣራ አያሳልፍም። አንዴ ያለፈ መልእክት ላይ ያለውን ስም ማንም እንዳይነካው አድርጌ ቆለፍኩት፤ እኔንም ጨምሮ።

ያልቆለፍኩት የመሥሪያ ቤታችንን ልማድ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አርብ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ይተዋሉ፤ ክርስቲያኗ ረዳታቸው ሥራውን ትይዝላቸዋለች። በጥምቀት ደግሞ እሷ ከፍታ ትሄዳለች፤ እሳቸው ይይዙላታል። ባልደረባ ላይ ዘግቶ መሄድ እኛ ጋ ነውር ነው። "ይዝጉት እንጂ አባባ" ስላቸው "አቦ ተይኝ! ከሌባ ጋር ነው እንዴ የምሠራው?" ይሉኝ ነበር።

አንድ አርብ ረዳታቸው በጥድፊያ ኤረር በር ላለ ክሊኒክ የታዘዘውን ኢንሱሊን ከከተማ ውጭ ወዳለው ድሬ ጠያራ ላከችው። ሹፌሩም እንደታዘዘው ይዞ ሄደ። እዚያ የሚረከበው ሰው አልነበረምና መድኃኒቱ ሙቀት ላይ ውሎ ተበላሸ። መልእክቱ ላይ ያለው ስም የአባባ ነበር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ መጡና አስጠሩኝ።

"መልእክቱ የእሳቸው ነው?"

"ስሙ የእሳቸው ነው። የላኩት ግን እሳቸው አይደሉም" አልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን "ወላሂ፣ በዚያ ሰዓት ከጎኔ ቆመው ይሰግዱ ነበር" አሉ። ረዳቷም እያለቀሰች "እኔ ነኝ የላክሁት" አለች። መርማሪው ሁላችንንም በትዕግሥት ሰሙን።

"እንግዲያው መግቢያቸውን ለሌላ ሰው ትተው ሄደዋል። ይህም ራሱ ከሥራ ያሰናብታል" አሉ።

ደንቡ እንደዚያ ይላል። ትክክልም ነው፤ እኔው ነኝ ያረቀቅሁት። ረዳቷ በማስጠንቀቂያ ታለፈች፤ አባባ ተሰናበቱ።

ቁልፍ ያስረከቡ ዕለት ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

"ሥራውስ ይቅር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ግን ልጄ፣ ከዚያች መልእክት ላይ ስሜን አውጪልኝ። የበሽተኛ መድኃኒት ያበላሸ ተብዬ አልቅር።"

"አልችልም አባባ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞሽ" አሉኝና ወጡ።

መልእክቷን ዛሬም አንዳንዴ እከፍታታለሁ። ከአባባ ስም ጎን በአረንጓዴ ቀለም "ተረጋግጧል" ይላል።